ዳሌው የተሰበረ ወንድሜን ሳስታምም አዲስ አበባ ውስጥ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች

ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ዳሌው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበርና ላስታምመው ከሜሪላንድ መጣሁ። እንደኔ ከውጭ መጥቶ ለሚያስታምም ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። የሐኪሞቹ እጅ ይባረክ፤ ቁስሉ ንጹህ ነው፣ አጥንቱም በደንብ ገጥሟል። ቅር ያለኝ ስንወጣ በተሰጠን ወረቀት ነው። መድኃኒቱና የቀጠሮው ቀን ተጽፏል፤ እግሩን መቼና ምን ያህል መርገጥ እንደሚችል ግን አንድም መስመር የለም። «እንዳይረግጥ» ተብለን ተሸኘን። እስከ መቼ? በግራው ብቻ ወይስ በሁለቱም? ቤት ስንገባ ጎረቤታችን እትዬ «ካልተራመደ እግሩ ይሰልላል» አሉ፤ አንድ ዘመዳችን ደግሞ ወጌሻ ይጠራና ይታሽ አለ። በብረት የተያዘ ዳሌ አይታሽም! እናቴ ዘመዳችንን ሳታስቀይም ይህን አስረዳችልኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉትን ሐኪም ደጅ ጠናሁ። ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው በእስክሪብቶ እያመለከቱ አሳዩኝ፤ ከፊት ፕሌት (አጥንቱን የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት)፣ ከኋላ ደግሞ ዳሌው ከጀርባ አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ረጅም ብሎን። ቆመን ስንሄድ የላይኛው ሰውነታችን ክብደት ወደ እግር የሚወርደው በዚያ በኋላው በኩል ነው። አጥንቱ ሳይጠና ከተጫኑት ብሎኑ ሊላላ ወይም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ለወንድሜ የግራ እግሩን ለ6 ሳምንት መሬት ማስነካት ብቻ ፈቀዱለት፤ ከዚያ ራጅ ታይቶ ቀስ በቀስ ይጨምራል፣ ሙሉ በሙሉ የሚረግጠው ወደ 12 ሳምንት ገደማ ነው። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጉድጓድ ለተሰበረበት ሰውም ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይርቅም። አጥንቱ ያልተናጋና ቀዶ ሕክምና ያላስፈለገው ግን ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ ቶሎ ሊራመድ ይችላል፤ የጎረቤት ልጅ በወሩ ቆመ ተብሎ መከተል የማይቻለው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ጽፈው ፈረሙበት። እባካችሁ ከሆስፒታል ሳትወጡ ይህን አስጽፉ።

ከሁሉም የበለጠብኝ ቤት ድረስ የሚመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሰው ሚዛን ይዞ መጣ። ግራ እግሩን ሚዛኑ ላይ፣ ቀኙን በሚዛኑ ልክ በሆነ ጣውላ ላይ አስቆመውና «በስሱ ንካ» አለው። ወንድሜ በስሱ የነካ መስሎት ነበር፤ መርፌው 30 ኪሎ አለፈ። ከ15 እንዳይበልጥ ነበር የታዘዘው። መርፌውን እያየ ደጋግሞ ሲሞክር እግሩ ልኩን ለመደው። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር፣ ሲወርድ ክራንቹና የተጎዳው እግር እንዲቀድሙም አስተማረው። አልጋ ላይ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱን ማንቀሳቀስና ጡንቻውን ማጥበቅ በየሰዓቱ ነው፤ ዳሌው የተሰበረ ሰው እግሩ ላይ ደም የመርጋት አደጋ አለበትና። ደም እንዳይረጋ የታዘዘለትን መርፌ አንዱ ፋርማሲ ስናጣ ሌላው ጋ አገኘን፤ ሳያልቅ ቀደም ብሎ መግዛት ይሻላል።

ክራንቹን የገዛንበት ሱቅ ዋጋው ደህና ነው፤ ነገር ግን ቁመቱን የሚለካላችሁ የለም። መያዣው እጅ ሲንጠለጠል አንጓ ጋ መድረስ አለበት፣ ላይኛው ጫፍ ደግሞ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል። የታችኛውን ጎማም እዩት፤ ያለቀ ከሆነ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል።

ለቀጠሮ በራይድ ሄድን። ቀድመን ደውለን ሁኔታውን ስለነገርነው ሹፌሩ የፊቱን ወንበር እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ስቦ ጠበቀን፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥርም ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። አመስግኜዋለሁ። የ6 ሳምንቱ ራጅ ደህና ስለሆነ አሁን የክብደቱን ግማሽ እንዲረግጥ ተፈቅዶለታል፤ እኔ ስመለስ የፊዚዮቴራፒውን ክትትል እናቴ ትቀጥላለች።