መጨረሻውን ሳይናገር የማይጭን ቤት፦ ደሴ ፒያሳ ስላለች አንዲት የተከታታይ ፊልም ሱቅ

ደሴ ውስጥ ተከታታይ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር «ፊልምና ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት መስተዋቱ ላይ ያልለጠፈ የሞባይል ጥገና ቤት ማግኘት ያስቸግራል። አብዛኛው ደንበኛ እነዚህን ቤቶች የሚመዝናቸው አዲስ የወጣውን ቀድመው በማምጣታቸውና በዋጋቸው ነው። ፒያሳ አካባቢ የምትገኘውን ይህችን ስም የለሽ ሱቅ ከሌሎቹ ለይቼ የምጽፍላት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ባለቤቷ አንድ ተከታታይ ፊልም ያለቀ፣ ገና የሚቀጥል ወይም መሐል መንገድ ላይ የተቋረጠ መሆኑን ሳይናገር አይጭንም።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን የተደረደረበት መስተዋት፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክና ለደንበኛ የተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያላት። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ግን በዘውግ ወይም በአገር የተከፋፈለ ዝርዝር አይደለም የሚታየው፤ «ያለቀ»፣ «የሚቀጥል» እና «የተቋረጠ» የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ናቸው። ከጎኑ ነጋዴዎች የዱቤ ሒሳብ የሚይዙበት ዓይነት ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ አለ። በዚህ መዝገብ የእያንዳንዱ ፊልም ስም፣ የሲዝንና የክፍል ብዛት፣ በመጨረሻም እንዴት እንዳለቀ ወይም እንዳላለቀ የሚናገር አንድ መስመር ተጽፏል። ለምሳሌ «1899» በተባለው ተከታታይ አንጻር የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ «8 ክፍል። ሁለተኛ ሲዝን የለም፣ አይመጣም። ጥያቄው ሳይመለስ ይቆማል።» ይህን አንብቦ ልጫን የሚል ይጭናል፤ የሚተው ይተወዋል።

ቤቱ ዋይፋይ ላስገባ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ከመካነ ሰላም ወይም ከወግዲ ለዕቃ ግዢ ደሴ የመጣ አስተማሪ ግን ፍላሹን የሚያስሞላው ለወራት እንዲበቃው ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ቢጎድልበት ወይም ታሪኩ ተንጠልጥሎ ቢቀርበት መጥቶ የሚጠይቀው በሚቀጥለው ጉዞው ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ ይኸው ችግር የከተማውም ሆነ። ፊልሙ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ተጭኖ በአውቶቡስ ይመጣል፤ መሰረዙን የሚናገረው ዜና ግን አብሮት አይሳፈርም። በዚያ ሰሞን «ቀጣዩ ሲዝን ገባ ወይ?» እያሉ ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ይጠብቁት የነበረው ነገር አሜሪካ ላይ ቀድሞ የሞተ ነበር።

የባለሱቁን ድካም ለመገመት ፊልሞቹ የሚቋረጡበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚኖሩት በማስታወቂያ ስለሆነ ተመልካች ሲያጥር ፊልሙን ያወርዱታል። ኔትፍሊክስን የመሳሰሉት በደንበኞች ወርሐዊ ክፍያ የሚኖሩ ድርጅቶች ደግሞ ወጪውን ከተመልካቹ ብዛት ጋር፣ በተለይም ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ እስከ መጨረሻው እንደዘለቀ ያመዛዝናሉ። ሲዝን በጨመረ ቁጥር የተዋናዮች ክፍያ ስለሚያድግ የቆየውን ከማስቀጠል አዲስ መጀመር የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ተመልካቹን የሚጎዳው ግን ደራሲዎቹ ቀጣዩ ሲዝን እንዲፈቀድላቸው ሲሉ የያዙትን ሲዝን ከገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥለው መዝጋታቸው ነው፤ ፊልሙ ሲሰረዝ የሚቀረውም እዚያው እንደተንጠለጠለ ነው። «ዳርክ»ን በሦስት ሲዝን በወጉ የጨረሱት ሁለቱ ጀርመናውያን «1899»ንም በሦስት ሲዝን ሊቋጩት አስበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ወጥቶ በጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ መሰረዙ ተነገረ።

የሱቋ ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከተሰረዙ በኋላ ፍጻሜ በተሠራላቸው ፊልሞች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ፍጻሜው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተመልካቹ ይገኛል ብሎ በማያስበው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፎክስ ላይ የታየው «ፋየርፍላይ» 14 ክፍሎች ተሠርተውለት ሳለ ጣቢያው 11ዱን ብቻ አሳይቶ ዘጋው፤ ያሳየበትም ቅደም ተከተል የተዘበራረቀ ስለነበር ታሪኩን የሚያስጀምረው የሁለት ሰዓቱ ክፍል የታየው መጨረሻ ላይ ነው። ታሪኩን የሚቋጨው «ሰሬኒቲ» የተሰኘ የሲኒማ ፊልም በ2005 ቢወጣም በየሱቁ የሚቀመጠው ከነጠላ ፊልሞች ጋር በመሆኑ ተከታታዩን የጫነ ሰው መኖሩን አያውቅም። «ፕሪዝን ብሬክ»ም እንዲሁ ነው፤ አራተኛው ሲዝን በ2009 ካለቀ በኋላ የተሠራው የመጨረሻ ፊልም ለብቻው፣ በ2017 የመጣው ባለ 9 ክፍል አምስተኛ ሲዝን ደግሞ ሌላ ቦታ ይገኛል። ይህች ሱቅ ሁሉንም በአንድ ፎልደር፣ መታየት ባለባቸው ተራ፣ ከፊታቸው ቁጥር እየጻፈች አስቀምጣቸዋለች። ፎክስ በ2018 ሰርዞት ኔትፍሊክስ ያነሣውና በ2021 በስድስተኛ ሲዝኑ ያለቀው «ሉሲፈር»፣ ኤንቢሲ በ2021 ጥሎት ኔትፍሊክስ ላይ በ20 ክፍሎች የተቋጨው «ማኒፌስት» የተቀመጡትም «ያለቀ» የሚለው ውስጥ ነው። ሌላ ሱቅ ውስጥ «ማኒፌስት» ሦስተኛው ሲዝን ላይ እንዳለቀ ተደርጎ ሲጫን ስላየሁ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንድ ጉዳይ ላይ ደግሞ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ኔትፍሊክስ በጁን 2017 «ሴንስ ኤይት»ን ከሰረዘ በኋላ ከተመልካቾች በደረሰበት ከፍተኛ ጩኸት ምክንያት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚረዝም አንድ የመዝጊያ ክፍል በ2018 አውጥቷል። እኔ ባለሁበት አንድ ወጣት ይህንኑ ፊልም በፍላሽ ሲያስጭን ኮፒው እየሄደ እየሄደ ያ የመጨረሻ ክፍል ላይ ሲደርስ ቆመና ፋይሉ ለፍላሹ ትልቅ ነው የሚል መልእክት መጣ፤ ፍላሹ ግን ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ባለሱቁ ሳይገረም ምክንያቱን አስረዳ። አብዛኛው ፍላሽ የተሰናዳው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለሆነ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። የመዝጊያ ክፍሎች ደግሞ ከሌሎቹ ስለሚረዝሙ በጥሩ ጥራት ሲሆኑ ከዚህ ልክ ያልፋሉ። ፍላሹን ኤክስ ፋት ወደሚባለው አሠራር መቀየር ይቻላል፤ ሆኖም በየቤቱ ያሉት የቆዩ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ያን አያነቡም። ስለዚህ እሱ የመዝጊያ ክፍሎችን ብቻ ለይቶ በአነስተኛ መጠን ሌላ ቅጂ አዘጋጅቶላቸዋል። ሌላው ጫኝ በዚያች ደቂቃ «ዝለል» የሚለውን ተጭኖ ፍላሹን ነቅሎ ይሰጣል፤ ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ፊልሙ ተቆርጦ እንደቀረ ያምናል፣ የሚያማውም ኔትፍሊክስን ነው።

የቱርክ ፊልም ጉዳይ ለየት ይላል። ቱርክ ውስጥ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖ ይታያል፤ ቀረጻውም ከሳምንት ሳምንት እየተከናወነ የሚሄድ ነው። ተመልካች ከቀነሰ ጣቢያው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፊልሙ እንደሚዘጋ ያሳውቅና ደራሲዎቹ በቀሩት ጥቂት ክፍሎች ሁሉንም ነገር እንዲቋጩ ይገደዳሉ። ስለዚህ የቱርኩ ሲቋረጥ እንደ አሜሪካው ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ይልቁንም ለወራት ሲያሳድድ የኖረው ጠላት በአንድ ምሽት ይሞታል፣ የተጣሉት ሁሉ በአንድ ሰርግ ይታረቃሉ። መዝገቡ ለእንዲህ ዓይነቶቹ «ተቻኩሎ ያለቀ» የሚል የራሱ ምልክት አለው፤ በእኔ ግምት ከመዝገቡ ቃላት ሁሉ የበሰለው ይኸኛው ነው።

የቱርክ ፊልሞች ለውጭ ሲሸጡ ረዥሙ ክፍል ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆራረጠ ስለሚቀርብ የክፍሉ ቁጥር ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። ቲአርቲ በተባለው የቱርክ ጣቢያ ከ2014 እስከ 2019 የታየው «ድሪሊሽ ኤርቱግሩል» በመጀመሪያ ይዘቱ 150 ክፍል ሲሆን ኔትፍሊክስ ላይ ከ400 በላይ ሆኖ ቀርቧል፤ አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የጫነ ሰው ፊልሙ ይለቅ አይለቅ ማወቅ አይችልም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ከዓረብ አገር የተመለሱ እናቶችና እህቶች የቱርክ ፊልሞችን የሚያውቋቸው በዓረብኛ ስማቸው ነው። አንዲት ጠና ያሉ ሴት «ኑር»ን ፈልገው ሲመጡ ባለሱቁ ወዲያውኑ በቱርክኛ «ጉሙሽ» የተባለውን ባለ 100 ክፍል ፊልም አወጣና «አብሽሪ እታለም፣ ይኼኛው ያለቀ ነው፤ ብቻ የት ላይ እንዳቆምሽ በታሪኩ ንገሪኝ እንጂ በቁጥሩ አይደለም» አላቸው። እሳቸውም ታሪኩን እየተረኩ፣ እሱም ክፍሎቹን እየከፈተ፣ ያቆሙበትን ቦታ አገኙት። ወረፋ የያዝነው ሰዎች ጥቂት ጠብቀናል፤ ቢሆንም የሱቋን ሥራ በተግባር ያየሁት በዚያች ሰዓት ነው። ለረመዳን የሚሠሩት የዓረብ ተከታታዮች 30 ገደማ ክፍል ሆነው ከጾሙ ጋር ስለሚያልቁ ይህ ሁሉ ምልክት አያስፈልጋቸውም።

ጉድለቶቿንም መጥቀስ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው የባለቤቱ ምላስ ነው፤ ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ እንዲናገር ስለተፈቀደለት ማን እንደሚሞትም ይናገራል። «ያለቀ ነው ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከሰሙ በኋላ ቶሎ ማስቆም ያስፈልጋል። ሁለተኛው መዝገቡ አንዳንድ ቦታ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው፤ ሁለት ሲዝን ብቻ ያለው «ማይንድሀንተር» አሁንም «የሚቀጥል» ውስጥ ይገኛል፤ አዘጋጁ ዴቪድ ፊንቸር ግን ሦስተኛ ሲዝን እንደማይኖር በ2023 ተናግሯል። በ2023 የጸሐፊዎችና የተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት የዘገዩትንም ከተሰረዙት መለየት ላይ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ሦስተኛ፣ ለ«ብሬኪንግ ባድ» 62 ክፍሎች «በወጉ ያለቀ»፣ ለ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» 73 ክፍሎች ደግሞ «ያለቀ፤ መጨረሻው ያናድዳል» ብሎ መጻፉ ከመረጃ አልፎ ፍርድ መስጠት ነው፤ በሁለተኛው ላይ እኔም ብስማማ እንኳ ውሳኔው ለተመልካቹ ቢተው ይሻል ነበር። የአማርኛ ሰብታይትል የለውም፤ ያሉት የእንግሊዝኛ ናቸው።

ይህ አገልግሎት የፊልሙን ባለመብቶች ፈቃድ የያዘ አይደለም፤ ይህንን ሳይጠቅሱ ማመስገን ሐቀኝነት አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት በአገራችን የተጠበቀ ሲሆን ባለሱቁም «የኢትዮጵያ ፊልም አንጭንም» ብሎ በጉልህ ለጥፏል፤ ለውጭዎቹ ግን እንዲህ አይጨነቅም። ከዚህ የሚከተለው ከያዝነው ርዕስ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንድ ፊልም ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ ተብሎ ሲወሰን በፍላሽ ያየ ሰው አይቆጠርም፤ ደሴና ኮምቦልቻ በሙሉ አንዱን ፊልም ቢወድደው ለዚያ ፊልም ዕድሜ አንዲት ሳምንት አይጨምርለትም። የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው በሕጋዊው መንገድ ቢያይ ተመልካችነቱ ይመዘገባል፤ ካርዱን የሚያገኘው ስንቱ ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

የተቋረጠ ፊልም ሁሉ አይታይ የሚል አቋም የለኝም። «ፋየርፍላይ» «ሰሬኒቲ»ን ሳያዩም የሚጣፍጥ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ የቆመ ታሪክ ስላለው የመጨረሻው መጉደል ያን ያህል አይቆረቁርም። «1899» ግን ሁሉም ነገር በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ መልሱ እንደማይመጣ እያወቁ ስምንት ሰዓት መስጠት ለእኔ አይዋጥልኝም። ባለሱቁ ለሁለቱም ለአንድ ሲዝን 30 ብር ነው የሚያስከፍለው፤ ለተቋረጡት ቅናሽ ቢያደርግ ፍትሐዊ ይመስለኛል፤ ሐሳቡን ነግሬው ሣቀ እንጂ አልተቀበለኝም።

ሱቋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ትከፈታለች፤ ዓርብ የጁምዓ ሰላት እስኪያበቃ ትዘጋለች፤ ቅዳሜ ከገጠር የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ ወረፋው ረዥም ነው። የሚሄድ ሰው ፍላሹን ባዶ አድርጎ፣ የቴሌቪዥኑን ዓይነትና ዕድሜ አውቆ ቢሄድ ይጠቀማል፤ ፍላሹን ተቀብሎ ከመውጣቱም በፊት የመጨረሻውን ክፍል እዚያው ኮምፒዩተር ላይ አስከፍቶ መጫወቱን ይይ፤ ባለቤቱ በዚህ ቅር አይሰኝም።