«ዲስኮቹማ ተወግደዋል»፦ ዲቪዲ ለማስቀየር ያሰባችሁ ይህን አንብቡ

ዲቪዲ ወደ ፋይል እንቀይራለን የሚሉ ሰዎች ጋ ዲስካችሁን ትታችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሱ። ከዚያ መመለሴ ነው። ንዴቴ አልበረደም። እስኪበርድም አልጠብቅም፤ ይህን እየጻፍኩ ሳለ ሌላ ሰው ካርቶኑን ታቅፎ እዚያው በር ላይ ሊደርስ ይችላል።

አቀባበላቸውን ታውቁታላችሁ። ፈገግታው አለ። «ምንም አያስቡ፣ ለኛ ይተዉት» አለ። «ኦሪጅናል ኳሊቲ ነው የምንሰጠው» አለ። ግድግዳው ላይ ኤችዲ (ጥራቱ ከፍ ያለ ምስል) የሚል ትልቅ ጽሁፍ ተለጥፏል። ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነው። ዲስኮቼን መቼ መውሰድ እንደምችል ስጠይቅ፣ የተቀበለኝ ልጅ «ከፋይሎቹ ጋር አብረው ይወስዷቸዋል» አለኝ። በዚህ ቃሉ ነው ትቼለት የወጣሁት።

የሰጠሁት ሁለት ዓይነት ዲስክ ነው። አንደኛው በዓመታት የተጠራቀመ ፊልም ነው። ሌላው ቤተሰቡ ራሱ የቀረጸው ነው፤ ሰርጉ፣ ልደቱ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት። ፊልሞቹን ማስቀየር የፈለግኩት ለእናቴ ነበር። እናቴ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ፊልም የምታየው ሰብታይትል እያነበበች ነው። የዲቪዲ ማጫወቻዋ አልፎ አልፎ አላነብ ማለት ሲጀምር፣ ታብሌት ላይ ልጭንላት አሰብኩ። ይህንንም ለልጁ በግልጽ ነግሬዋለሁ። «ሰብታይትል ይኑረው» ብሎ ደረሰኙ ላይ በራሱ እጅ ጽፎልኛል።

ልረከብ ስሄድ ላፕቶፔን ይዤ ነበር። ሃርድ ዲስኩን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ሰካሁና አንድ ፊልም ከፈትኩ። ሰብታይትል የለም። ሌላ ከፈትኩ። የለም። ማጫወቻው ውስጥ የሰብታይትሉን ምርጫ ስነካው ባዶ ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሚጠፋ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዲቪዲ ላይ ሰብታይትሉ ከምስሉ ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ ለብቻው ነው የሚሄደው። አንድ ዲስክ እስከ 32 የሰብታይትልና እስከ 8 የድምጽ አማራጭ መያዝ ይችላል። የሚቀይረው ሰው ይህኛው ይካተት ብሎ ካልመረጠ ይቀራል። መምረጡ ደግሞ አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ደረሰኙ ላይ ተጽፎላቸው ያንን እንኳ አላደረጉም።

«ሰብታይትሉስ?» አልኩት።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ። አትሰማም ብዬህ ነበር እኮ።»

ወደ ጓደኛው ዞረና ሳቀ። «ካልሰማች ታዲያ ፊልም ምን ያደርግላታል?»

በዚያች ሰከንድ ልቤ እንዴት እንደነደደ መግለጽ አልችልም። ስከፍል «እርስዎ» እያለ ወንበር የሳበልኝ ልጅ ነው። እናቴን የሚያውቃት ይመስል፣ ከመቀመጫው እንኳ ሳይነሳ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ነው ይህን ያለው። ጓደኛውም አብሮት ሳቀ። ሌላ ደንበኛ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

ራሴን ይዤ፣ «እሺ፣ ዲስኮቼን መልሱልኝ። ሌላ ቦታ አስቀይራለሁ» አልኩ።

ያኔ ሳቁን አቆመ። ጓደኛውን አየው። ጓደኛው ወደ ጓዳ ገባና በሩን ዘጋ።

«ዲስኮቹማ ተወግደዋል።»

«ተወግደዋል ማለት?»

«ተጥለዋል። ፋይሉን ወስደሻል አይደል? ዲስኩ ምን ያደርግልሻል? ደረሰኝሽን ገልብጪና አንብቢ።»

ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ብርሃን ላይ ካልያዙት በማይነበብ ግራጫ ቀለም፣ የተቀየሩ ዲስኮች ይወገዳሉ የሚል መስመር አለ። ከፊት ለፊቱ የራሱ የእጅ ጽሁፍ አለ። የራሱን ጽሁፍ ችላ ብሎ የጀርባውን መስመር ሕግ አድርጎ አነበበልኝ። «አብረው ይወስዷቸዋል ብለኸኛል» ስለው፣ «እኔ አላልኩም» አለ። ዓይኔን እያየ ነው የካደኝ።

ቤት ገብቼ የቀረውን አየሁ። ኤችዲ ያሉት ውሸት ነው። ዲቪዲ ላይ ያለው ምስል ቁመቱ 576 መስመር ነው፤ በአሜሪካና በጃፓን ሥርዓት ደግሞ 480። ያንን ወደ ኤችዲ 1080 መስመር መለጠጥ ምስሉን ያተልቀዋል እንጂ ያልነበረውን ነገር አይጨምርበትም። እነሱ ለጥጠውት ሲያበቁ መልሰው ጨምቀውታል። የሁለት ሰዓት ፊልም 700 ሜጋባይት ሆኗል። ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ እስከ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ምስሉ ብቻውን በሰከንድ እስከ 9.8 ሜጋቢት (ሜጋቢት የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ ነው) ሊወስድ ይችላል። የኔ ፋይል ከነድምጹ በሰከንድ 1 ሜጋቢት አይሞላም። ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈርሳል።

ፊልሙስ ይሁን። ፈልጌ መልሼ የምገዛው አይጠፋም። የቤተሰቡ ቀረጻ ግን ሌላ ቅጂ የለውም። የድሮ ካሜራ ምስሉን በአንዴ ሙሉውን አይመዘግብም። አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመሮቹን፣ አንዴ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛዎቹን እያፈራረቀ ነው። ምስሉ ከመለጠጡ በፊት እነዚያ መስመሮች በትክክል መስተካከል አለባቸው። እነሱ እንዳለ ለጥጠውታል። ስለዚህ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ያ አሁን ፋይሉ ውስጥ ታትሞ ቀርቷል፤ ኦሪጅናሉ ከሌለ በወጉ የሚያስተካክለው የለም። 4 ለ 3 የነበረውን ምስልም ሰፊው ስክሪን እንዲሞላ ወደ ጎን ስበውታል። የአባቴ ፊት ሰፍቷል። እጁን አንስቶ ሲያወራ እጁ ይበጣጠሳል። እኔ የማውቀው አባቴ አይመስልም። ለእናቴ እስካሁን አላሳየኋትም።

የሚያቃጥለኝ ሥራው መበላሸቱ ብቻ አይደለም። ሥራ ይበላሻል፤ ዲስኩ እጄ ላይ ቢሆን እንደገና ይሠራ ነበር። አንድ ሰው የሰጣችሁን ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት ስልክ መደወል ምን ያህል ይከብዳል? ቁጥሬ ደረሰኙ ላይ አለ። ዲስኮቹ ላይ በአባቴ የእጅ ጽሁፍ ቀንና የሰው ስም ተጽፎባቸዋል። ያንን እያየ ነው ቆሻሻ ውስጥ የከተተው።

ኮምፒውተርና የዲቪዲ ማንበቢያ ካላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። ሜክኤምኬቪ የሚባለው ፕሮግራም ምስሉን ሳይነካ፣ ከነድምጹና ከነሰብታይትሉ ወደ አንድ ፋይል ያወጣዋል። ማሳነስ ከፈለጋችሁ ሃንድብሬክ በነጻ ይገኛል። ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሙሉ መጠኑን የያዘ ከ100 በላይ ዲስክ ይችላል፤ ስለዚህ ቦታ ይጠባል ብለው 700 ሜጋባይት ሲያደርጉባችሁ አትቀበሉ። የግድ ለሰው መስጠት ካለባችሁ አንድ ዲስክ ብቻ ስጡ። እዚያው ከፍታችሁ ሰብታይትሉን እዩ፣ ሰው የሚንቀሳቀስበትን ቦታ እዩ፣ ዲስኩን በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ስጡ። ዲስኩ እንደሚመለስ ደግሞ ደረሰኙ ላይ ከነፊርማው ይጻፍላችሁ። ቤተሰብ የቀረጸውን ግን ቅጂ ሳታስቀሩ ከቤት አታውጡ።