ቮልስ ወይስ ቪትዝ? ለጎንደር ዳገት የትኛዋ ትሻላለች?

የአጎቴን ቮልስና የራሴን ቪትዝ እያፈራረቅኩ ነው የምነዳው። ቮልሷ 1300 የምትባለዋ ናት፣ 1285 ሲሲ። ቪትዟ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ከወጣው ከመጀመሪያው ሞዴል፣ 997 ሲሲ። ሞተሯ ትንሽ ቢሆንም ጉልበቷ ይበልጣል፤ ቮልስ 40 የፈረስ ጉልበት ሲኖራት ቪትዝ ወደ 70 ትጠጋለች።

ልዩነቱ የሚታየው ከፒያሳ ወደ ጎሃ ኮረብታ ሲወጣ ነው። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው። የቮልስ ካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ግን ይህን አያውቅም፣ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈሳል፣ በዚህ የተነሳ ጭሷ ይበዛል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ እሷም በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣለች። የቪትዝ ኮምፒዩተር ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚገፋውም የኋላ ጎማ ነው፣ ስለዚህ ክብደቱ ጎማውን ጭቃው ላይ ይጫነዋል። ቪትዝ የምትጎተተው በፊት ጎማ ስለሆነ ዳገት ላይ ከፊት ያለው ክብደት ይቀንስና ጎማዋ ባለበት ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ቮልስን የሚያህል የለም!

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቮልስን በማርሽ ያዟት። የአጎቴ መኪና አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን የከበሮ ነው፣ ሲግል ይደክማል።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። ውሃ አለቀ ብሎ ጭንቀት የለም። ቀዩ የባትሪ ቻርጅ መብራት ከበራ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ማቀዝቀዣው ካልዞረ ደግሞ ሞተሩ ይቃጠላል። ዘይቷንም ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ከወንፊት በቀር ፊልትሮ የላትም። የቪትዝ ጣጣ ውሃው ነው። ሳታዩት ካለቀ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይበላል፣ ወጪውም ያማል።

አንድ መኪና ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ያለማመንታት ቪትዝ እለዋለሁ፣ መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል፣ ልጆችም ከኋላ በራሳቸው በር ይገባሉ። ቮልስ ካልሆነ የሚል ግን ቀለሟን አይቶ እንዳይከፍል። የኋላውን መቀመጫ ያንሳ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስር ነው፣ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል፣ ላሜራው በጣት ሲጫኑት ከረገበ ዋጋውን በደንብ ይከራከር፣ ወይ ይተዋት።