ያለ መብራት የሚሠራ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ

የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት መርካቶ ሄጄ ያገለገለ ማይክሮስኮፕ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። የወር ደመወዜን ግማሽ ወስዷል። የሥራ ባልደረቦቼ «እንዴት ነው? እኛም እንግዛ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፈው።

ዕቃው ብረት ነው፣ ከባድ ነው። የፋብሪካ ስም አልተጻፈበትም። በአንድ ዓይን ነው የሚታይበት። ባለ 4፣ ባለ 10 እና ባለ 40 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (ወደሚታየው ነገር የሚጠጋው የታችኛው ሌንስ) አለው። የላይኛው ሌንስ 10 ስለሆነ እስከ 400 እጥፍ ያጎላል ማለት ነው። ከሥሩ በአምፖል ፋንታ መስታወት ነው ያለው።

ሻጩ «1600 እጥፍ» የተጻፈበትን ባለ አምፖል እንድወስድ ብዙ ወተወተኝ። እምቢ አልኩ። በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማሳየት አይችልም። ከ1000 እጥፍ በላይ ሲሄድ የሚያጎላው ብዥታውን ነው። ጤና ጣቢያ ወባ ለመመርመር 1000 እጥፍ ያስፈልጋል፣ ለዚያውም ከልዩ ዘይት ጋር። ለእኛ ክፍል 400 ይበቃል። መብራት ደግሞ በጠፋ ቁጥር ክፍለ ጊዜዬ እንዲባክን አልፈልግም። መስኮት አጠገብ አስቀምጬ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞረዋለሁ፣ አለቀ። ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም! ዓይን ያጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለዓመታት ሕዋስን ሰሌዳ ላይ ስዬ ነው ያስተማርኩት። የዕፅዋት ሕዋስ ስስል ከውጭ የሕዋስ ግድግዳ፣ ከሥሩ ሜምብሬን (የሕዋሱን ውስጥ የሚከብ በጣም ስስ ሽፋን)፣ ሁለት መስመር። ልጆቹም ይገለብጣሉ። በማይክሮስኮፕ ግን የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሜምብሬኑ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እንኳ ስለማይሞላ በዚህ መሣሪያ አይታይም። ታዲያ መኖሩን በምን እናሳያቸው?

በቀይ ሽንኩርትና በጨው። ከደረቁ ልጣጭ ሥር ካለው ሥጋ ላይ፣ ሐምራዊ ከሆነው ፊት ስስ ሽፋን ላጥኩ። ስላይድ (ናሙና የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ብርጭቆ) ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ አድርጌ በከቨር ስሊፕ፣ በስስ መክደኛ ብርጭቆ፣ ከደንኩት። ሕዋሶቹ እንደ ግንብ ድንጋይ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸው ጢም ብለው በሐምራዊ ቀለም ተሞልተው ይታያሉ። ቀለሙ ያለው ቫኪዩሉ፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ከዚያ በአንድ በኩል የጨው ውሃ ጠብ አደረግኩ፤ በሌላው በኩል በሶፍት መጠጥኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሐምራዊው ከጥግ ጥግ መላቀቅ ጀመረ። ውሃው በሜምብሬኑ አልፎ ወደ ጨው ሲወጣ ውስጡ ይኮማተራል። ግድግዳው ግን ባለበት ቆሟል። በመሃላቸው ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ሰሌዳ ላይ የምስለው ሁለተኛው መስመር የት እንዳለ በዓይኔ አየሁ! ሳይዘገይ ንጹሕ ውሃ ስጨምርበት ተመልሶ ሞላ። ወረፋ ይዛ ያየች አንዲት ተማሪዬ ቀና ብላ «ቲቸር፣ በሕይወት አለ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ። የሞተ ሕዋስ ቀለሙን ይዞ አይቆይም፤ ሜምብሬኑ ስለተበላሸ ያፈሰዋል። ይህን ጥያቄ ከሰሌዳ ሥዕል አግኝቼው አላውቅም።

ቤት ደግሞ የእማዬን እርሾ አየሁበት። ከቡኮው ላይ ካለው ቢጫ ውሃ አንድ ጠብታ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ድብልቅልቅ ያለ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን በውሃ አቅጥኜ ስጨምር ግን ተለየ። የጤፉ ስታርች ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ፣ የእርሾ ሕዋሶቹ ቢጫ ሆነው ቀሩ። እንቁላል መሳይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ ትንሽ ልጅ አብቅለዋል። ባክቴሪያዎቹ በ400 እጥፍ እንኳ ነጥብ ናቸው። እዚህ ላይ ልጆችን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ትንንሾቹ ነጥቦች ሲንቀጠቀጡ «ይዋኛሉ» ይላሉ። የስታርቹ ፍርፋሪም እኮ ይንቀጠቀጣል። የውሃ ሞለኪዩሎች እየገፉት ነው።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ዓይኗን ሳታነሳ ቆየች። «እነዚህ ናቸው ኩፍ የሚያደርጉት?» አለች። እነሱ ናቸው፤ ስኳሩን በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ፣ ጋዙ ምጣድ ላይ ሲወጣ የእንጀራ ዓይን ይሆናል። በማግስቱ ጎረቤቶቻችንን ይዛ መጣች።

ጉድለቱንም ልናገር። ቤት ስደርስ ባለ 40ው ኦብጀክቲቭ ጭጋግ የለበሰ ነበር። ሻጩ ጋ ስደውል ከሱቅ ከወጣ አልቀይርም አለኝ። በጣም አዘንኩ። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት አልኮል ደጋግሜ ጠርጌ አብዛኛውን አስለቅቄዋለሁ፤ ጠርዙ ላይ ግን አሁንም ብዥ ይላል። ማስተካከያ ቁልፉም በራሱ ወደ ታች ይንሸራተት ነበር። እሱን እዚሁ ከተማ አንድ ሰዓት ሠሪ አጠበቀልኝ። ማይቶኮንድሪያን (በሕዋስ ውስጥ ያሉ ኃይል አመንጪ ጥቃቅን አካላትን) አያለሁ ብላችሁ ደግሞ አትግዙት፤ በዚህ አይሆንም።

ለመግዛት ስትሄዱ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ምላጭና ሁለት ስላይድ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ በር ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ በባለ 40ው እዩ። የሕዋሱ ግድግዳ ጥርት ብሎ ካልታያችሁ ሌላ ያውጡላችሁ።