አውሮራ ለማየት ሆባርት ወይስ ዱነዲን? ለፉትስክሬይዋ ትኬት ቆራጭ ምስጋና

ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው። የምሰጠው በሜልቦርን ፉትስክሬይ ሰፈር የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ላላት እህታችን ነው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስለማትወድ አልጽፈውም። የምትፈልጓት በኢንቦክስ ጠይቁኝ፣ ስልኳን እልክላችኋለሁ።

አባቴ ከደሴ ሜልቦርን ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ስንት ዘመን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የሳሉትን አውሮራ፣ ወደ ምድር ዋልታዎች በቀረቡ አገሮች ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚታየውን ባለቀለም ብርሃን፣ አንድ ቀን በዓይናቸው ማየት ይመኙ ነበር። እዚህ ድረስ ከመጡ ወዲያ ደግሞ ትንሽ ወደ ደቡብ መዝለቅ ነው የቀረው። ለምርጫ ሁለት ከተሞች ቀረቡ፤ እዚሁ አውስትራሊያ በታዝማኒያ ደሴት ያለችው ሆባርትና የኒውዚላንዷ ዱነዲን።

አባባ ልባቸው ዱነዲን ላይ ነበር። ዱነዲን 46 ዲግሪ ደቡብ ገደማ ላይ ናት፣ ሆባርት 43 ገደማ። ወደ ደቡብ የቀረበ ብርሃኑን የተሻለ ያያል፣ አለቀ። እኔም አልተከራከርኩም። የጂኦግራፊ አስተማሪን በካርታ ማን ይሞግታል?

ቢሮዋ ስንሄድ ግን ልጅቷ ዋጋ ለመፈለግ አልቸኮለችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «የጋሼ ቪዛ ስንት ጊዜ ያስገባል?» ብላ ነው። ደብዳቤውን ከስልኬ አውጥቼ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ብቻ ይላል። «እንግዲያው ኒውዚላንድ ደርሰው ሲመለሱ በዚህ ቪዛ አውስትራሊያ አይገቡም» አለች። በዚያ ላይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኒውዚላንድ ለመግባት ራሱን የቻለ ቪዛ ያስፈልጋል። የኢሚግሬሽን አማካሪ እንዳልሆነችና ለዝርዝሩ ፈቃድ ያለው ሰው መጠየቅ እንዳለብን ጭምር ነገረችን። ዝም ብላ ትኬቱን መቁረጥ ትችል ነበር እኮ! ከኒውዚላንዱ የተሻለ ኮሚሽን እንደምታገኝም አልደበቀችም።

አባባን ቅር አላቸው። ሆባርት ለሳቸው ሁለተኛ ዕጣ ነበረች። ያኔ ልጅቷ እንዲህ አለቻቸው፤ «ጋሼ፣ ሆባርት ደርሰው የመጡ ደንበኞቼ ብርሃኑ የሚከተለው የካርታውን ዋልታ ሳይሆን የማግኔቱን ነው ይላሉ። እውነት ነው?» አነጋገሯን ልብ በሉልኝ። አንጋፋ አስተማሪ ነውና አላረመቻቸውም፣ ጠየቀቻቸው።

አባባ ትንሽ አሰብ አደረጉና ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ። ከዚያ ክፍል ገባን ማለት ነው። ከፀሐይ የሚወጡት ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች በምድር መግነጢሳዊ መስክ እየተመሩ የማግኔቱን ዋልታ በሚከብ ቀለበት ላይ ይወርዳሉ። የደቡቡ ማግኔታዊ ዋልታ ደግሞ አንታርክቲካ መሀል አይደለም። ከጠረፏ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ፣ በአውስትራሊያ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በማግኔት ስሌት ሆባርትና ዱነዲን እምብዛም አይበላለጡም። የአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ 55 ዲግሪ ደቡብ ገደማ ላይ ሆና አውሮራ ብዙም የማይታይባት ለዚህ ነው፤ ከዋልታው በተቃራኒው ወገን ናት። ተራ የሚጠብቅ ሌላ ደንበኛ ጉዳዩን ረስቶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አባባ ስለው ስለው ራሳቸው ሆባርትን መረጡ።

ዱነዲንን ማጣጣሌ አይደለም። የአውስትራሊያ ፓስፖርትና ጊዜ ያላችሁ ሂዱ። በኦታጎ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለው ሁፐርስ ኢንሌት ለዚህ የታወቀ ቦታ ነው። ከሜልቦርን ግን አውሮፕላን መቀየር ወይም ክራይስትቸርች ወርዶ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለ። ሆባርት በአገር ውስጥ በረራ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ለሽማግሌ ጉልበት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የልጅቷ ሙያ የታየኝ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን የመረጠችው ጨረቃ የምትጠፋበትን ሳምንት አይታ ነው። ወሩን መስከረም አደረገችው፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን አውሮራውን የሚያደምቀው የመግነጢስ ማዕበል ስለሚበረክት። ማረፊያችንን ሆባርትን ለሁለት ከሚከፍለው ከደርወንት ወንዝ በስተምስራቅ ያዘችልን። ማታ ብርሃኑን ለማየት ከከተማው ውጭ ወዳለው ሳውዝ አርም ስንወጣ መሀል ከተማውን እንዳናቋርጥ ብላ ነው። ሳውዝ አርም ላይ ፊት ለፊት ያለው ባሕሩ ነው፣ የከተማው መብራት ከጀርባ ይቀራል። የአውስትራሊያ ሜትሮሎጂ ቢሮ በነጻ የሚልከውን የአውሮራ ማስጠንቀቂያ ኢሜይልም እዚያው አስመዘገበችኝ። «ሆቴል እይዝልሃለሁ፣ ብርሃኑን ግን መያዝ አልችልም» ብላኛለች። ቀኑ የሚቀየር ትኬት የቆረጠችልንም ለዚሁ ነው።

ታየ ወይ? ታየ። መጀመሪያ ላይ ደመና ነበር። ኋላ ሰማዩ ጠራ፣ ማስጠንቀቂያውም መጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ኩዊንስላንድ ድረስ እንደታየው ያለ ማዕበል እንዳትጠብቁ። በዓይን የምታዩት ከአድማሱ ከፍ ያለ ነጣ ያለ ቅስት ነው። አልፎ አልፎ ከቅስቱ ላይ ወደ ላይ የሚዘረጋ ጨረር አለ። ቀለሙ ጎልቶ የወጣው በስልክ ካሜራ ነው፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቀይ። ፌስቡክ ላይ በምታዩት ፎቶ ተማርካችሁ የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። አባባ ግን ምንም ቅር አላላቸውም። «ሁለቱም ኦክስጅን ነው» አሉኝ። «አረንጓዴው 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ቀዩ ከ200 በላይ።» እኔ ብርዱን ሸሽቼ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። የደሴ ሰው!

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አባባም ደሴ ሆነው ይመርቁሻል።

ወደ እሷ ለምትሄዱ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ይሄ ጉድለቷ ነው። ቴክስት ጻፉላት፣ አመሻሽ ላይ ትመልሳለች። ቅዳሜ ቢሮዋ ስለሚጨናነቅ በአዘቦት ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ፓስፖርታቸውንና የቪዛ ደብዳቤያቸውን ያዙ፤ ሳታይ አትቆርጥም።