የእድራችንን ኢሜይል ከነትዝታው ላሻገረልን ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ለምትፈልጉም ልጠቁማችሁ ብዬ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ሰዎች የመሠረትነው እድር ጸሐፊ ነኝ። ከ400 በላይ አባላት አሉን። ለቅሶውንም፣ ሰርጉንም፣ የስብሰባ ጥሪውንም የምንናገረው በአንድ የኢሜይል አድራሻ ነው። አንድ ሰው ወደዚያ ከጻፈ ለሁሉም ይደርሳል። ይህን የሚሠራልን ሜይልማን የሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ አብሮን ኖሯል። ቴሌግራም እያለ ኢሜይል ለምን የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ስልክ በቀየሩ ቁጥር ግሩፑ ይጠፋባቸዋል። ኢሜይላቸው ግን ያው ነው።

አምና የአንዲት እናታችንን የቀብር ማስታወቂያ ላክሁ። ለብዙዎች ስፓም ውስጥ ገባ። አንድ ወዳጃችን የሰማው ከሰልስት በኋላ ነው። ቤቴ ድረስ መጥቶ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። እኔ ልኬያለሁ፤ እሱ ጋ አልደረሰም። ያን ቀን የተሰማኝ እስከዛሬ አልወጣልኝም።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። እኛ የነበረን ሜይልማን 2 ነው። እሱ የሚሠራው ፓይተን 2 በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ላይ አብቅቷል። ስለዚህ ሰርቨሩን፣ ማለት ሜይልማኑ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ማደስ ፈራን፤ ካደስነው ሜይልማኑ ይቆማል። በዚያ ላይ ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ላኪዎች ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ ደንባቸውን አጠበቁ። የኛ ሰርቨር ይህን አያደርግም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ድርጅት ጠየቅን። «የድሮውን ጣሉት፣ አዲስ ጀምሩ» አሉን። የ17 ዓመት ደብዳቤ እንዴት ይጣላል?

ወንድማችንን ያገኘነው በሰው በሰው ነው። ስሜን እዚህ አትጥራ ስላለኝ አልጠራውም። ገና ስንገናኝ «ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ያላችሁን ልይ» አለ። ሰርቨሩን እንዳለ ገለበጠ። ወደ አዲሱ ሜይልማን 3 የማሻገሩን ሥራ ሁሉ አስቀድሞ በግልባጩ ላይ ሞከረ። ዋናውን የነካው እኔንና ሌሎች አራት አባላትን ካስሞከረን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በድሮው ገጽ ላይ በአማርኛ የጻፍነው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነበር የሚታየው። መስመር ሙሉ የጥያቄ ምልክት። ጠፍቷል ብለን ተስፋ ከቆረጥን ቆይተናል። እሱ ግን «አልጠፋም» አለን። ሜይልማን 2 እንግሊዝኛ ቋንቋው ሲሆን የሚያውቀው አስኪ የሚባለውን የፊደል ስብስብ ብቻ ነው። ለማንበቢያ የሚሆነውን ገጽ ሲሠራ የኛን ፊደል ስለማያውቀው በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። መጀመሪያ የመጣው ኢሜይል ግን ኤምቦክስ በሚባል ትልቅ ፋይል ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። የተበላሸው ገጹ ነው፣ ምንጩ ደህና ነው።

በአዲሱ ሜይልማን 3 የቆዩ ደብዳቤዎችን የሚያሳየው ክፍል ሃይፐርኪቲ ይባላል። እሱ ደግሞ ከዚያው ከምንጩ ያነባል። ዝም ብሎ ግን አይገባም። በደብዳቤ መሐል «ፍሮም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጀምር መስመር ካለ አንዱን ደብዳቤ ሁለት አድርጎ ይቆርጠዋል። ሰዓቱ ከተሳሳተ ኮምፒውተር የተላከ ደብዳቤም ቀኑ ይዛባል። ወንድማችን እነዚህን እየለቀመ በእጁ አስተካከለ። ማንም አላዘዘውም።

አንድ ማታ ደወለልኝ። «የላክሁልህን ሊንክ ክፈት» አለኝ። የ2009 ደብዳቤ ነው። የጻፉት የእድራችን የመጀመሪያው ሊቀመንበር ናቸው፤ ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ መዋጮ ነው የሚያወራው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን ፊደሉ ሁሉ በቦታው አለ። «እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ» ብለው ይጀምራሉ፣ ሁልጊዜ እንደሚሉት። ባለቤቴን ጠርቼ አብረን አነበብነው።

አሁን መፈለግም ይቻላል። «ዓለም» ብላችሁ ያጣችሁትን «አለም» ብላችሁ ሞክሩ፤ ሁለቱን እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። የድሮዎቹን ገጾችም አላጠፋቸውም፣ ሰዎች ያስቀመጧቸው ሊንኮች እንዳይሰበሩ።

የአባላቱ ዝርዝርና ቅንብሩ አብሮ ተሻገረ። ለማጽደቅ የሚጠባበቁ መልእክቶች ግን አብረው ስለማይሄዱ አስቀድሜ እንድጨርሳቸው አስጠነቀቀኝ። ከመዛወሩ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ የዶሜይናችን፣ ማለት የኢንተርኔት ስማችን፣ መረጃ በየቦታው የሚቆይበትን ጊዜ ከ24 ሰዓት ወደ 5 ደቂቃ አወረደው። ለውጡ ቶሎ እንዲታይ ነው።

የስፓሙን ጉዳይ በደንብ አስረድቶኛል። ኤስፒኤፍ በኛ ስም መላክ የሚችለው የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ይናገራል። ዲኪም ደብዳቤው በእርግጥ ከኛ እንደወጣ የሚያሳይ እንደ ማኅተም ነው። ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል። ያሁ የራሱን ዲማርክ ያጠበቀው ኤፕሪል 2014 ነው። ከያሁ የሚጽፉ አባሎቻችን ደብዳቤ በያሁ ስም ግን ከኛ ሰርቨር ስለሚወጣ ለሌሎች የማይደርሰው ለካ በዚህ ነበር! አዲሱ ሜይልማን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ በእድሩ አድራሻ ይልከዋል፣ የጻፈውን ሰው ስም ግን ይዞ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የለቅሶ ማስታወቂያ ልከናል። በማግስቱ እየደወልኩ ጠየቅሁ። የደወልኩላቸው ሁሉ ደርሷቸዋል።

ትዕግሥቱን ሳልናገር አላልፍም። የድሮው ሜይልማን በየወሩ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው ፓስወርድ በግልጽ ጽፎ ይልክ ነበር። አዲሱ አይልክም። አንዲት እናታችን «ደብዳቤዬ ቀረብኝ፣ አስወጣችሁኝ እንዴ?» ብለው ተጨነቁ። ራሱ ደወለላቸው። «እማማ፣ አልወጡም። ኢሜይሉ እንዲመጣልዎ ፓስወርድ አያስፈልግዎትም። ያኛው ምስጢርዎን ለሰው የሚያሳይ ነበር» ብሎ እስኪረኩ ድረስ አወራቸው።

ዋጋውን ሳይጀምር በጽሑፍ ነገረን። ሥራው ካሰበው በላይ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ወሰደበት፤ አንድ ዶላር አልጨመረም። የድሮውን ሰርቨር አንድ ወር ሙሉ ሳይዘጋ አቆየው፣ ምናልባት ብሎ። ሲጨርስም የሠራውን ሁሉ በአማርኛ ጽፎ ሰጠኝ። ነገ እሱ ባይኖር ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊቀጥል ይችላል። የቀን ሥራ ስላለው በሥራ ቀናት ስልክ ቶሎ አያነሳም። ቅዳሜን ጠብቁት።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እድርተኛው ሁሉ ነው ያመሰገነህ።

እድር፣ ማኅበር ወይም የአብሮ አደግ ስብስብ ያላችሁና እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የዶሜይናችሁ ፓስወርድ ማን እጅ እንዳለ አጣሩ። የኛ ከቀድሞ ገንዘብ ያዣችን ማስታወሻ ደብተር እስኪገኝ አራት ቀን ፈጅቶብናል።