ለሳይበር ደህንነት ዲፓርትመንት ልትሞሉ ነው? መጀመሪያ ባንዲትን ሞክሩ

ታናሽ እህቴ እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ፍሬሽማን ልትጨርስ ስትል፣ ቅዳሜ ቤት በመጣች ቁጥር ወሬያችን አንድ ሆነ፤ ዲፓርትመንት። «ሳይበር ሴኩሪቲ ነው መሥራት የምፈልገው፤ ታዲያ የቱን ልሙላ?» ትለኛለች። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አይቲ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ፣ ኤሌክትሪካል። ጓደኞቿ እያንዳንዳቸው የተለያየ ነገር ነግረዋታል። እማዬ ደግሞ ነጥብሽ ከደረሰ ሕክምና ነው የምትገቢው ባይ ናት።

የእኔ ሥራ ኔትወርክ ስለሆነ መልስ ይጠበቅብኝ ነበር። ግን ምክሬን ከመናገሬ በፊት ላፕቶፑን ከፍቼ ባንዲት ፊት አስቀመጥኳት። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ባንዲት ነው። ምርጫ ለመሙላት የተቃረበ ልጅ ቤቱ ካለ ከማንኛውም ምክር በፊት ይህን ቢሞክር ይጠቅመዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ባንዲት ኦቨርዘዋየር የሚባል ድረ ገጽ ላይ ያለ ነፃ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ይባል እንጂ ምስል የለውም፤ ጥቁር መስኮትና ጽሑፍ ብቻ ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በጽሑፍ ትዕዛዝ መግቢያ መንገድ ነው) አድርጋችሁ፣ በሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ ሩቅ ያለ ሰርቨር ውስጥ ትገባላችሁ፣ ፖርቱ፣ ማለትም የመግቢያ በሩ ቁጥር፣ 2220 ነው። ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚቀጥለው ደረጃ ፓስወርድ የሆነ ቦታ ተደብቋል፤ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ታልፋላችሁ፣ ካላገኛችሁት እዚያው ናችሁ። ከ0 ተነስቶ 33 ይደርሳል። ምዝገባ የለውም፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም፣ ኢሜይል እንኳ አይፈልግም።

ለእኛ አገር ኢንተርኔት ደግሞ ልክ የተሰፋ ነው። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኤስኤስኤችን ይዘው ስለሚመጡ የሚጫን ነገር የለም፤ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱን፣ ከፍቶ መግባት ነው። ላፕቶፕ የሌለው ልጅም አንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የትዕዛዝ መጻፊያ መተግበሪያ አውርዶ መሞከር ይችላል። ኪቦርዱ ትንሽ ያስቸግራል እንጂ ይሠራል። እኛ ሰፈር፣ አጂፕ፣ ያን ቅዳሜ መብራት ሄዶ ነበር፤ እህቴ የሠራችው በላፕቶፑ ባትሪና በስልኬ ሆትስፖት ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ በደቂቃ ጨረሰችው። ቀጥሎ ያለው ነው ያቆማት። ፓስወርዱ ያለው ፋይል ስሙ አንዲት ጭረት (-) ብቻ ነው። ካት ብላ፣ ፋይል ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ትዕዛዝ ነው፣ ጭረቷን ጻፈችና ኢንተር መታች። ምንም የለም። ስህተት ነው የሚል መልእክት እንኳ የለም፤ ከርሰሩ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። «ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ። አልተበላሸም። ካት ጭረት ብቻዋን ስትሰጠው ፋይል አድርጎ አያያትም፤ ከኪቦርድ የሚጻፍልኝን ላንብብ ብሎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህን አልነገርኳትም። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እማዬ ቡና ታፈላለች፣ እሷ ማንዋሉን መስመር በመስመር እያነበበች ነው። አቦል ላይ የጀመረችው በረካ ሲቀዳ ተፈታ። ከዚያ ቀና ብላ ምን አለች፦ «አሃ፣ ያለበትን ቦታ አብሬ ካልጻፍኩለት የፋይል ስም መሆኑ አይገባውም ማለት ነው።»

እኔ በዚያች ቅጽበት ውስጤ ረካ። ምክንያቱም ሰው አንድ ነገር አስቦ ይጽፋል፣ ማሽኑ ሌላ ነገር አድርጎ ይረዳል፣ አጥቂው የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ተራ ጽሑፍ አስመስሎ ትዕዛዝ የማስገባት ጥቃቶች፣ ኮማንድ ኢንጀክሽንም ሆነ ዳታቤዝ ላይ ያነጣጠረው ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ ሥራቸው ይኸው ነው። እህቴ ስሙን ሳትሰማ ነገሩን በእጇ ነካችው።

የአክስቴን ልጅም ሌላ ቀን አስቀምጬው ነበር። እሱ በብዙ ፎልደሮች መካከል መጠኑ 1033 ባይት የሆነውን ፋይል ፈልግ የሚለው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተነሳ። «አንድ ፋይል ለማግኘት ይሄ ሁሉ?» አለኝ። ደስ የሚል፣ ሰው የሚያግባባ፣ ሲያስረዳ የሚያምርበት ልጅ ነው። አላለፈም ማለት ደካማ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። የዚህ ሙያ አንዱ በር የኦዲት፣ የፖሊሲ፣ የአደጋ ግምገማ ሥራ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ ሕጉንም ሲስተሙንም የሚረዳ ሰው ያስፈልገዋል። ለእሱ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ወይም ሕግ ይሻለዋል አልኩት። ይህን ዲፓርትመንት ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሚያውቀው አሁን ማወቁ አይሻልም?

ወደ እህቴ ጥያቄ ልመለስ። ባንዲት ላይ ቁጭ ብሎ ጊዜው ሳይታወቀው ለሚያመሽ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ ሙላ ነው የምለው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ኮምፒውተር ሴኩሪቲ፣ ሁሉም የትምህርቱ አካል ናቸው፤ መውጫ ፈተናው ላይም ስለሚመጡ መዝለል አይቻልም። አይቲ ሰርቨርና ኔትወርክ ማስተዳደር ላይ ያተኩራል፣ ጥቃት የሚከታተል ቡድን ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ደግሞ የኮድ ስህተት ማደን ለሚወድ። ኤሌክትሪካልን የምመክረው ሃርድዌር ለሚወድ ብቻ ነው፤ ዓመቱም ይረዝማል። የዲፓርትመንቱ ስም ላይ «ሳይበር» የሚል ቃል ስለሌለ የሚጨነቁ ልጆች አጋጥመውኛል። አትጨነቁ። የሊኑክስ ፐርሚሽን (የትኛውን ፋይል ማን ማንበብ ወይም መለወጥ እንደሚችል የሚወስነው ፈቃድ) እና የቲሲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ መረጃ የሚለዋወጡበት ደንብ) አሠራር በደንብ የገባው ልጅ የትኛውም ቦታ ይገባል።

ይህን የምለው ከፍዬ ስለተማርኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥልጠና ማዕከል ገብቼ ኢቲካል ሃኪንግ፣ ማለትም በባለቤቱ ፈቃድ ሲስተም ሰብሮ መፈተሽ፣ ተምሬ ነበር። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀውን ካሊ ሊኑክስ ጫንን፣ የመሣሪያዎቹን ስም አንድ በአንድ ቆጠርን፣ የሆነ ቪዲዮ አብረን አየን፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት ይዘን ፎቶ ተነሳን። ፋይል ፐርሚሽን ምን እንደሆነ የነገረን የለም። ያን ያወቅሁት በኋላ፣ ባንዲት ላይ፣ በነፃ ነው። ብሩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ባንዲት ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። መመሪያው ሆን ተብሎ አጭር ስለሆነ ብቻውን የተቀመጠ ጀማሪ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል፤ አጠገቡ የሚያበረታታው ሰው ቢኖር መልካም ነው። ሰርተፊኬት አይሰጥም። ስለ ኔትወርክም የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ ለዚያ ሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ገብታችሁ ፓኬት ትሬሰር የሚባለውን የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም በነፃ አውርዱ። ማብራሪያ እየተሰጠው መማር ለሚፈልግ ትራይሃክሚ የሚባለው የሥልጠና ድረ ገጽ ይሻለዋል፤ ግን በብሮውዘር የሚከፈተው ማሽን በነፃ ሲሆን ሰዓቱ የተገደበ ነው፣ ዳታም ይበላል፣ ሙሉውን ለማግኘት ደግሞ በዶላር መክፈል ይመጣል። ሊኑክሱ ገብቷቸው ወደ ድረ ገጽ ደህንነት ማለፍ ለሚፈልጉ እዚያው ኦቨርዘዋየር ላይ ናታስ የሚባል ሌላ ጨዋታ አለ።

አንድ ነገር አደራ። መልሶቹ ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፣ አትዩአቸው። መልስ ገልብጦ 33 ከደረሰ ልጅ ራሱ ታግሎ 8 የደረሰው ይበልጥብኛል። ደግሞም ዓላማው ለሙያው ያላችሁን ፍቅር ማወቅ ስለሆነ፣ ካጭበረበራችሁ የምታጭበረብሩት የራሳችሁን ምርጫ ነው። እዚህ የተማራችሁትን ፈቃድ ባልሰጣችሁ ሰው ሲስተም ላይ መሞከር ደግሞ ወንጀል ነው፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእስር ያስቀጣል። ለመለማመጃ ተብሎ የተከፈተ ሰርቨር እያለ ምን አስቸኮላችሁ?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማብራሪያ ስለሌለው ነው። እዚህ ከተማ ጎበዝ ሆነው እንግሊዝኛው ብቻ የሚይዛቸው ልጆች አውቃለሁ።

እህቴ ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ፣ አይቲን ሁለተኛ አድርጋ ሞልታለች፤ ምደባው ገና አልወጣም። እማዬም ቢሆን ያን ቅዳሜ ልጇ ቡናውን ረስታ ስክሪን ላይ ተተክላ ካየች ወዲህ ሕክምና የሚለውን ቀነስ አድርጋዋለች። ተደጋግሞ የተጨመቀውን ፋይል ክፈቱ የሚለው 12ኛው ደረጃ ሁለት ማታ ወስዶባታል። ዛሬ ጠዋት ከግቢ በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «25 ላይ ነኝ፣ ገና ስገባ መልሶ ያስወጣኛል፣ እንዳትነግረኝ።»